ስልሳ አንደኛዋ ጀንበር

ቁጭ በሉና ስሙኝ! ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ትናንት ማታ ተፈታልኝ። የተፈታልኝ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ዳር መኪናዬን አቁሜ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ ከካፌ ባመጣሁት ናፕኪን ላይ ስደምርና ስቀንስ ነው። ሲገባኝ ብቻዬን «እንዴ!» ብዬ ጮህኩ። በአጠገቤ ታልፍ የነበረች ሴትዮ ደንግጣ መንገድ ተሻገረች።

ነገሩ የኮሌጅ ገንዘብ ነው። አውቃለሁ፣ ስሙ ሲነሳ ግማሻችሁ ስልካችሁን ታወጣላችሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ልጆቻችን «ፋይናንሻል ኤይድ» ሲሉን «እሺ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?» ከማለት አልፈን ጠይቀን አናውቅም። እኔ ሒሳብ አዋቂ አይደለሁም፤ የዚህ አገር ኮሌጅ በር ላይ የደረስኩትም ተሳፋሪ ላወርድ ብቻ ነው። ስለዚህ አትፍሩ፣ ለእኔ የገባኝ ነገር ለእናንተ የማይገባበት ምክንያት የለም።

መነሻው የእህቴ ልጅ ናት። እዚሁ አካባቢ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ትማራለች፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ባለፈው መስከረም እናቷ አገር ቤት ታመመችና ለሕክምና ገንዘብ መላክ ግድ ሆነ። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ አራቱንም ክላስ ትታ ሙሉ ሰዓት ሥራ ገባች። «ጋሼ፣ ትምህርቱ እንደሆነ በነፃ ነው፤ ባቆመውም የምከስረው የለም፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር እመለሳለሁ» አለችኝ። እኔም «ጎበዝ!» አልኳት። እኔ ነኝ እንግዲህ ያልኳት!

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ 1,440 ዶላር ክፈይ ይላል። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ልመዝገብ ስትል ደግሞ ኮምፒዩተሩ «ሆልድ» አላት፤ ዕዳሽን ሳትከፍዪ አትገቢም ማለቱ ነው። «ባልተማርኩበት ክፈይ ይሉኛል?» ብላ አለቀሰች። እኔ ደግሞ እጅጌዬን ሰብስቤ ልጣላ ተነሳሁ፤ በእርግጠኝነት የሆነ ሰው ተሳስቷል ብዬ። ማንም አልተሳሳተም! ሦስት ሌሊት የፈጀብኝም ይኸው ነው። ነፃ የነበረ ትምህርት ሲተዉት እንዴት ዕዳ ይሆናል?

ከስሩ እንጀምር። ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው? ሦስት ማሰሮ አስቡ። አንደኛው የስጦታ ነው፤ አይመለስም። ሁለተኛው የብድር ነው፤ ከነወለዱ ይመለሳል። ሦስተኛው የሥራ ነው፤ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ሠርቶ ያገኘዋል። የመንግሥቱን የሦስቱንም ማሰሮ ክዳን የሚከፍተው አንድ ቅጽ ነው፤ ልጆቹ «ፋፍሳ» የሚሉት። ቅጹ በነፃ ነው የሚሞላው። አስከፍዬ ልሙላላችሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።

ብድሩን አገር ቤት የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣውን ወጪ መጋራት አስታወሳችሁ? ተምረህ ውጣ፣ ሥራ ስትይዝ ከደመወዝህ ትከፍላለህ የሚለውን? በመንፈሱ የዚያ ዘመድ ነው። ስለዚህ እሱን እንለፈውና ወደ ስጦታው ማሰሮ እንምጣ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

ከስጦታው ማሰሮ የሚወጣው ትልቁ ጭልፋ «ፔል ግራንት» ይባላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1972 የተጀመረ ነው፤ በ1980 ደግሞ በሮድ አይላንዱ ሴናተር በክሌይቦርን ፔል ስም ተሰየመ። ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፤ ግማሹ በመጀመሪያው፣ ግማሹ በሁለተኛው ሴሚስተር ይመጣል። ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ልጅ ነው የሚያገኘው። ዜጋ መሆን ግድ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው፣ አዎ፣ በዲቪ አምና የገባውም ጭምር፣ ጥገኝነቱ የጸደቀለትም ማመልከት ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ከዚህ ማሰሮ አይቀዳም፤ ግን ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉ ነዋሪዎቻቸው የየራሳቸው ቅጽ ስላላቸው መስፈርቱን አሟላ እንደሆነ እዚያ ይጠይቅ።

አሁን ጠጋ በሉ፤ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው።

እኔ ይህን ስጦታ እንደ ሠርግ ስጦታ ነበር የማየው። አንዴ ከተሰጠ ተሰጠ፤ ሙሽሮቹ ቢፋቱም ብርድ ልብሱን መልሱ የሚል የለም። እንደዚያ አይደለም! ስጦታው እንደ ግንበኛ የቀን ሒሳብ ነው። ቤት የምታሠሩ ሰው አላችሁ እንበል። ግንበኛውን አመናችሁትና የመቶ ቀን ሒሳቡን በመጀመሪያው ሳምንት ጠቅልላችሁ ከፈላችሁት። በአርባኛው ቀን መዶሻውን ጥሎ ሄደ። ምን ትሉታላችሁ? «የአርባው ቀን ላብህ ነው፣ ያንተ ነው፤ የስልሳውን ግን መልስ!» ትሉታላችሁ። አያችሁ? መንግሥት ለተማሪዋ የሚላት ቃል በቃል ይህንን ነው። ገንዘቡ ሴሚስተሩ ሲጀመር ይገባል፤ የእሷ የሚሆነው ግን ቀን በቀን ነው። ጀንበር በጠለቀች ቁጥር ትንሽ ትንሽ የራሷ እየሆነ ይሄዳል።

ይህ ሲገባኝ ነው የጮህኩት። ግን ቆዩ፣ ከዚህም የባሰ አለ!

የሴሚስተሩ ስልሳ ከመቶ ካለፈ በኋላ የቀረው አርባ ከመቶ በአንዴ ይጨመርላታል። ሴሚስተሩ መቶ ቀን ቢሆን በስልሳ አንደኛው ቀን ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው ማለት ነው። በነጋታው ብታቆም እንኳ መንግሥት አንድ ሳንቲም መልሱ አይልም። ግንበኛውን «ግድግዳውን አቁመህልኛልና የጣሪያውንም ሒሳብ ውሰደው» እንደማለት ነው። አጃኢብ አይደለም? በስልሳኛውና በስልሳ አንደኛው ቀን መካከል እንደዚህ ያለ ገደል እንዳለ ማን ነግሮን ያውቃል?

አሁን የልጅቷን ወረቀት በዚህ መነጽር እንየው። የእሷ ሴሚስተር 105 ቀን ነበር፤ አምስት ተከታታይ ቀንና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ እረፍት ካለ ከቆጠራው ይወጣል። 42ኛው ቀን ላይ ነው ያቆመችው። አርባ ከመቶ ማለት ነው። ክፍልፋይ እንዳያስቸግረን ከመቶ ቀን አርባውን ተማረች እንበል።

ለሴሚስተሩ የመጣላት ስጦታ 3,000 ዶላር ነበር። ከዚያ ላይ ኮሌጁ የትምህርቱን ዋጋ 2,400 ወሰደ፤ የተረፈውን 600 ለእሷ ሰጣት፤ ላፕቶፕ ገዛችበት። እሺ? አርባ ከመቶ ስለተማረች ከ3,000ው የእሷ የሆነው 1,200 ነው። 1,800ው ገና የእሷ አልሆነም፤ መመለስ አለበት።

ማን ይመልሰው? መጀመሪያ ኮሌጁ። ኮሌጁ ከወሰደው 2,400 ላይ ስልሳ ከመቶውን ለመንግሥት ይመልሳል። አስሉት፤ 1,440! ያቺ ቁጥር! የቀረችው 360 የተማሪዋ ድርሻ ናት፤ ግን ሕጉ ለተማሪ ይራራና ከስጦታው ግማሽ ድረስ ያለውን አይጠይቃትም። ስለዚህ 360ዋ ምሕረት አገኘች፤ ላፕቶፑም ተረፈ።

ታዲያ ዕዳው ከየት መጣ? ኮሌጁ 1,440ን ለመንግሥት ሲመልስ የእሱ ኪስ ጎደለ። የኮሌጁ የራሱ ሕግ ደግሞ ሌላ ነው። ክላስ ትቶ ገንዘብ ማስመለስ የሚቻለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ብቻ ነው፤ ያ ቀን አልፏል። ስለዚህ ኮሌጁ ዞር ብሎ «2,400 ዋጋዬ ነበር፤ በእጄ የቀረው 960 ነው፤ ጎዶሎውን ሙዪ» አላት። ሁለት ሕጎች አሉ፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ሲታዩ ትክክል ናቸው፤ ልጅቷ መሃላቸው ወደቀች። ስህተት የፈለግሁት በከንቱ ነበር።

እስቲ ደግሞ ይህችን አስሉ። ከአርባኛው እስከ ስልሳ አንደኛው ቀን ሃያ አንድ ቀን ነው። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ከመተው እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብትታገስ ዕዳው ዜሮ ነበር። 1,440ን ለ21 ስታካፍሉት በቀን ወደ 69 ዶላር ይደርሳል። ሥራ ገብታ በቀን የምትልከውን ያህል፣ በሌላኛው እጇ ዕዳ ስትገዛ ነበር! ይቺን ሳይ ናፕኪኑን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ትንሽ አንገቴንም ደፋሁ፤ «ጎበዝ» ያልኳት እኔ ነኝና።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ስልሳ አንደኛው ቀን የመውጫ በር አይደለም። ከዚያ በኋላም ቢሆን የተተወ ክላስ ወረቀት ላይ ይቀመጣል። ብዙ ኮሌጆች ዕርዳታው እንዲቀጥል ከጀመርከው ክላስ ሁለት ሦስተኛውን እንድትጨርስና አማካይ ውጤትህ ከ2.0 እንዳይወርድ ይጠብቃሉ። እኔ የምላችሁ ማቆም ካልቀረ ቀን ሳይቆጠር አይቆም ነው።

ከዚህ ሒሳብ የሚወለዱ ሦስት ብልሃቶች አሉ፤ እኔ ገና አሁን ነው የያዝኳቸው።

አንደኛው፣ ዝም ብሎ አለመጥፋት ነው። አንዳንድ ልጅ ያፍርና ሳይናገር ይቀራል። ሁሉም ክላስ ላይ ቢወድቅና መቼ እንደጠፋ ካልታወቀ ብዙ ኮሌጆች ሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ እንደሄደ ይቆጥሩታል። ግማሽ ደግሞ ከስልሳ በታች ነው። ልጁ ሰባኛው ቀን ድረስ ተምሮ ሊሆን ይችላል፤ ግን መማሩን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለ ላቡ ውሃ በላው።

ሁለተኛው፣ ሁሉንም አንዴ አለመተው ነው። ይህ ሁሉ የግንበኛ ሒሳብ የሚመጣው ተማሪዋ ከሁሉም ክላስ ስትወጣ ነው። ከአራቱ ሦስቱን ትታ አንዱን ይዛ ብትጨርስ ኖሮ «ትምህርት አቆመች» አትባልም ነበር። አንድ ክላስ! ማታ ማታ፣ በኦንላይን እንኳ! በጎርፍ መሃል አንዲት ቅርንጫፍ እንደመያዝ ነው። ዕርዳታው የሚስተካከልበት ሌላ መንገድ ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ ቢሮው ይጠየቅ፤ ጥያቄው ግን ይኸው ነው፦ «አንዱን ይዤ ብቀጥል ምን ይቀየራል?»

ሦስተኛው የሚገርመው ነው። ፋፍሳ የቤተሰቡን ገቢ የሚያየው በሁለት ዓመት አሮጌ ፎቶ ነው። በ2025 መጸው ለሚጀምር ተማሪ የሚታየው የ2023 ታክስ ነው። ከዚያ ወዲህ አባት ከሥራ ቢቀነስ፣ ቤት ውስጥ ሰው ቢታመም ፎቶው አያውቅም። ለወላጅ የሚላከውን ገንዘብማ ጭራሽ አይጠይቅም! ግን ስሙ፤ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ፎቶውን እንዲያድስ ሕጉ ሥልጣን ሰጥቶታል። ማስረጃ ይዘህ ገብተህ «ሁኔታችን ተለውጧል» ስትል ሠራተኛው መዝኖ ሒሳቡን ሊያስተካክል ይችላል። እንቢም ሊል ይችላል፤ ያልጠየቀው ግን እንቢታ እንኳ አያገኝም። የእኛ ልጆች ደግሞ ቤታችን ያለውን ችግር ለፈረንጅ መናገር ነውር ይመስላቸዋል። ከማን እንደተማሩት አታስቡት፤ ከእኛው ነው።

መጀመሪያውኑ ዕዳ እንዳይመጣ ወጪ ስለመቆጠብ ደግሞ ቶሎ ልለፍ፤ ብዙውን ታውቁታላችሁ። አሌክሳንድሪያ ዳሽ አውቶቡስ ከመስከረም 2021 ጀምሮ አያስከፍልም፤ በእኛ በኩል የሞንጎመሪ ካውንቲው ራይድ ኦን ከ2025 ክረምት ወዲህ ነፃ ሆኗል። ሰሜን ቨርጂኒያ የማኅበረሰብ ኮሌጅ፣ ልጆቹ «ኖቫ» የሚሉት፣ የአሌክሳንድሪያው ግቢ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሳውዘርን ታወርስ ሩቅ አይደለም። ሞንጎመሪ ኮሌጅ ደግሞ መጽሐፍ የማይገዛባቸው ክላሶች አሉት፤ ሲመዘገቡ «ዚ ኮርስ» የሚል ፈልጉ። በእነዚህ ጀምሮ ከዚያ ለአራት ዓመቱ ዲግሪ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ጆርጅ ሜሰን መሻገር ነው።

ወደ ሆልዱ ልመለስ፤ ምክንያቱም የመጨረሻው መደነቄ እዚያ ነው ያለው። ተማሪ ዲግሪ ሳይዝ ሲቀር አሥርና ሃያ ሺህ ዶላር ጎድሎበት ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን በጥቂት መቶዎች ነው! አትላንታ ያለው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህን አይቶ በ2011 አንድ ነገር ጀመረ። ሊመረቁ ጥቂት የቀራቸውንና ለትንሽ ዕዳ ሲሉ ከምዝገባ የሚሰረዙትን ልጆች ከመዝገቡ ራሱ ፈለጋቸው። ማመልከቻ ጻፉ አላለም፤ በቀጥታ ዕዳቸው ላይ ገንዘብ አስገባላቸው። በአማካይ 900 ዶላር ገደማ ነው! ልጁ ተመዝግቦ ሲቀጥል የቀረውን ክፍያ ከዕርዳታውና ከቤተሰቡ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አልከሰረም። ሺዎች በዚህ በር አልፈዋል።

እዚሁ ደጃችንም አለ። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ያቋቋመው ፈንድ ስሙ «ኪፕ ሚ ሜሪላንድ» ነበር፤ «ሜሪላንድ ሆይ፣ አቆዪኝ» እንደማለት። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ደግሞ ለከተማው የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከ1986 ጀምሮ የሚሠራ የስኮላርሺፕ ፈንድ አለ። ብዙ ኮሌጆችም የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ አላቸው፤ ግን በር ላይ አልተጻፈም። የእህቴ ልጅም ያገኘችው ጠይቃ ነው። ከዕዳው ከፊሉን ከዚያ ሸፈኑላት፣ የቀረውን በየወሩ እንድትከፍል ተስማሙ፣ ሆልዱ ተነሳ። አሁን ሦስት ክላስ ይዛለች፤ ስልኳ ላይም ቀን ትቆጥራለች።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለሁ አንድ ነገር ታየኝ። የጆርጂያ ስቴቱ ሥራ እኛ የምናውቀው አይደል እንዴ? እድራችን ሰው ሲሞት ቅጽ ሙሉ ይላል? ገቢያችሁን በታክስ አሳዩ ይላል? ስም ይነገራል፣ ገንዘቡ በማግስቱ ይደርሳል። ልዩነቱ እኛ ለሞተው መሆናችን ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ በየወሩ እቁብ የምንጥል አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። እያንዳንዳችን ከእቁቡ ውጪ በወር አሥር አሥር ዶላር ብናስቀምጥስ? ለአንዱ መኪና ማጠቢያ እንኳ የማትበቃ ናት። አሥራ ሁለት ሰው፣ አሥር ዶላር፣ አሥራ ሁለት ወር። ናፕኪኑን ልስጣችሁ፣ ራሳችሁ አባዙት። እኔ ትናንት ሳባዛው ነው ሁለተኛ የጮህኩት።

1,440!